ማሽኑ ከመቆሙ በፊት

ጥራት፣ ክምችትና ጥገና ለሦስት ክፍሎች ሲከፋፈሉ ፋብሪካው የሚከፍለው ዋጋ

ከመገናኛ ተነስቶ ወደ አያት በሚዘልቀው ሰፊ ጎዳና መሐል ለመሐል የባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል። ሲኤምሲ ላይ የመንገዱን ግራና ቀኝ የያዙት የቤት ዕቃ ማሳያዎች፣ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚገጣጥሙ ወርክሾፖችና የግንባታ ማጠናቀቂያ መደብሮች ናቸው። ወደ ምሥራቅ ጥቂት ፌርማታዎች አለፍ ሲባል ባቡሮቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት የአያት ዴፖ ይገኛል። በሰሚትና በጎሮ በኩል ወደ ታች ሲወረድ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች ይመጣሉ። ወደ ቦሌ ሲታጠፉ ደግሞ የአየር ማረፊያውና የአውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋሮቹ አሉ። በዚህ በአንድ የከተማ ጥግ ሦስት አራት ሰው የያዘ ወርክሾፕ፣ የሕዝብ ባቡር፣ ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ልብስና ውቅያኖስ የሚያቋርጥ አውሮፕላን ጎረቤት ሆነው ይሠራሉ። መሣሪያቸው አይመሳሰልም፣ ገንዘባቸውም አይተካከልም። በየማለዳው የሚጠብቃቸው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ማሽኑ ዛሬ ይነሳል? የሚያስፈልገው ዕቃ በእጅ አለ? የሚወጣው ሥራ ደንበኛው የጠየቀው ነው?

ስለእነዚህ ጥያቄዎች ብዙ አንባቢ ግማሽ ዕውቀት አለው። ካይዘን (የጃፓን ተከታታይ የማሻሻያ አሠራር) የሚለውን ቃል ያልሰማ ጥቂት ነው። አምስቱ «ማ»ዎች ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ተለጥፈው ታይተዋል። በሥራ አስኪያጁ ቢሮ የተሰቀለው የጥራት ምስክር ወረቀትም እንግዳ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ፋብሪካዎች ለምን ከአቅማቸው በታች እንደሚያመርቱ ሲጠየቅ መልሱ ከባለሀብት እስከ መካኒክ አንድ ነው፦ ዶላር የለም፣ መለዋወጫ የለም። መልሱ እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። የውጭ ምንዛሪ በጠበበ ቁጥር ጥራትን፣ ክምችትንና ጥገናን በሥርዓት መምራት ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ ሲደላ የሚታሰብ ቅንጦት አይሆንም። ሦስቱም በሦስት ቢሮ የተከፋፈሉ ሥራዎች ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው። ይህን አንድነት ያልተረዳ ፋብሪካ የቱንም ያህል ዶላር ቢያገኝ ዶላሩን ወደ ቁርጥራጭ ይለውጠዋል።

ሐዲዱ ላይ የታየው

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመሩን መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀመረ። በሲኤምሲ የሚያልፈው የአያት–ጦር ኃይሎች መስመር ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተከተለ። አገሪቱ ለግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥታለች፤ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን አብዛኞቹ ከአገልግሎት ወጥተው ዴፖ ውስጥ ቆሙ፤ ሲኤምሲ ላይ የሚጠብቀው ተሳፋሪም የባቡሩ መምጫ እየራቀ፣ ግፊያው እየበዛ ሄደ። በይፋ ሲነገር የቆየው ምክንያት መለዋወጫ መጥፋቱና ለመግዣው የሚሆን የውጭ ምንዛሪ አለመገኘቱ ነው።

ይህን ምክንያት ማንም አይክድም፤ መመርመር ያለበት መቼ እንደጀመረ ነው። ባቡር ላይ በብዛት የሚያልቁት ክፍሎች ምሥጢር አይደሉም። የፍሬን ሸራ በየፌርማታው ይበላል። ጎማው ብረት ስለሆነ ኩርባ በዞረ ቁጥር ጠርዙ ይሳሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው ተለክቶ በቶርኖ ቅርጹ መመለስ፣ ልኩ ሲያልፍም መለወጥ አለበት። ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው የካርቦን ዘንግ በተጓዘው ኪሎ ሜትር ልክ ያልቃል። እነዚህ ሁሉ በድንገት አይመጡም። ባቡሩ ከፋብሪካው ሲወጣ የት ላይ እንደሚያልቁ በግምት ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቁጠርና መለካት ነው። ስለዚህ አንድ ባቡር በመለዋወጫ እጦት ሲቆም እጦቱ የተወለደው በቆመበት ቀን አይደለም። የተወለደው ከብዙ ወራት በፊት፣ የቀረው ዕድሜ ተሰልቶ ግዢ መታዘዝ በነበረበት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በቆሙ ማሽኖች ዙሪያ የሠሩ መካኒኮች ሁሉ ያውቁታል። ከአንዱ ተፈትቶ ለሌላው ይሰጣል። ለሳምንቱ መፍትሔ ነው፤ ለዓመቱ ግን ጥፋት ነው። የተፈታው ክፍል ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራ አይመዘገብም፤ ሲፈታና ሲገጠም ይጎዳል፤ ለጊዜው የቆመው ማሽንም ቀስ በቀስ ፈጽሞ የማይነሳ ይሆናል። በብድር የተገዛ ንብረት በዚህ መንገድ ወደ መለዋወጫ መጋዘንነት ሲለወጥ አገር ለአንድ ክፍል የምትከፍለው ዋጋ የሙሉ ማሽን ዋጋ ይሆናል።

> መለዋወጫ የሚጠፋው ማሽኑ በቆመበት ቀን አይደለም፤ ግዢው መታዘዝ በነበረበትና ማንም ባልቆጠረው ቀን ነው።

አንድ ቲሸርት፣ ሦስት ጥፋተኞች

እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው ቦሌ ለሚ መንግሥት ራሱ ገንብቶ ለአምራቾች ያከራየው የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። በሼዶቹ ውስጥ በዋናነት ለውጭ ገበያ ልብስና የቆዳ ውጤት ይመረታል። የልብስ ስፌት መስመር ለማያውቀው ሰው የተደረደሩ ማሽኖች ብቻ ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን የሥራ ክፍፍሉ ጥብቅ ነው። አንዷ ትከሻ ብቻ ትገጥማለች፣ ሌላዋ አንገት፣ ሌላዋ እጅጌ፣ የመጨረሻዋ ታችኛውን ጠርዝ ታጥፋለች። የእያንዳንዷ ሥራ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ቁርጡ በባንድል ታስሮ ከማሽን ወደ ማሽን ይሸጋገራል። ጫፍ ላይ የጥራት ተቆጣጣሪዋ መብራት ሥር ቆማ እያገላበጠች ታያለች፤ ቀይ ተለጣፊ ያረፈበት ወደ ኋላ ይመለሳል።

ከተመለሱት ልብሶች ሦስቱን እናንሳ። የመጀመሪያው ላይ ስፌቱ እየዘለለ ሄዷል። ይህ የሚሆነው መርፌው ሲደንዝ ወይም ክሩን የሚይዘው መንጠቆ ከመርፌው ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ሲዛባ ነው፤ ሁለቱም የጥገና ጉዳዮች ናቸው። ሁለተኛው ላይ የዘይት ጠብታ አለ። ልብሱን የሰፋችው ልጅ ምንም አላጠፋችም፤ ያፈሰሰው ያልተለወጠ ማኅተም ወይም በጊዜው ያልተጠረገ የማሽን ራስ ነው። ሦስተኛው ላይ የእጅጌው ቀለም ከደረቱ ቀለም በትንሹ ይለያል። ሁለት ጊዜ የተነከረ ጨርቅ መጋዘን ውስጥ ተደባልቆ አንድ ላይ ስለተቆረጠ ነው፤ ይህ ደግሞ የክምችት አያያዝ ነው። ሦስቱም ጉድለቶች «የጥራት ችግር» ተብለው በአንድ ቅጽ ላይ ይመዘገባሉ፣ ተወቃሿም ብዙ ጊዜ ኦፕሬተሯ ናት። ጥፋቱ ግን የተሠራው ልብሱ እሷ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው። የጥራት ክፍሉ ለብቻው ቢጠናከር፣ ተቆጣጣሪ በተቆጣጣሪ ላይ ቢጨመር፣ ከሦስቱ አንዱንም ጉድለት አያስቀርም፤ የሚያደርገው ቆጥሮ ማሳወቅ ብቻ ነው።

ጥራት መጨረሻ ላይ በመፈተሽ አይገኝም የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያጠናቀቀው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱን ያቆም ነበር። የቶዮታ መኪና ፋብሪካ የተወለደው ከዚህ ቤት ነው፤ ከማሽኑ የወሰደው ትምህርትም ስህተት በተፈጠረበት ቦታና ደቂቃ ሥራው ይቁም የሚል ነው። በልብስ ፋብሪካዎች ይህ መርሕ ዛሬም ይታያል። የተሰበረ መርፌ የገጠማት ኦፕሬተር ስባሪዎቹን በሙሉ ሰብስባ፣ መዝገብ ላይ ካልለጠፈች በስተቀር አዲስ መርፌ አይሰጣትም፤ ስባሪ የቀረበት ልብስ ሕፃን ሊወጋ ስለሚችል ነው። ለመርፌ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ፋብሪካ ለዘይቱ፣ ለመንጠቆውና ለጨርቁ ጥቅል ተመሳሳይ ጥንቃቄ ማድረግ ይችላል ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል ፋብሪካ ውስጥ ሲተረጎም ይኸው ነው።

የስህተቱ ዋጋም ከተበላሸው ልብስ በላይ ነው። ለጥገና የተመለሰ ልብስ የመስመሩን ፍጥነት ይቀንሳል፤ መዘግየቱ ሲጠራቀም ዕቃው በጅቡቲ በኩል በመርከብ መሄዱ ቀርቶ በአምራቹ ወጪ በአውሮፕላን እንዲላክ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአሜሪካው አጎዋ የታሪፍ ነፃ ዕድል ከወጣች ወዲህ ደግሞ ይህን ወጪ የሚሸከም ትርፍ ይበልጥ ሳስቷል።

መጋዘን ሲያስጠልልና ሲደብቅ

ስለ ክምችት ሁለት የተራራቁ እምነቶች አሉ። የመጋዘን ኃላፊዎች ብዙ መያዝ ደኅንነት ነው ይላሉ። የአዲሱ ዘመን ሠልጣኞች ደግሞ ዕቃ በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ይምጣ የሚለውን የጃፓን ትምህርት ጠቅሰው ክምችት ሁሉ ብክነት ነው ይላሉ። ሁለቱም የሚሳሳቱት ክምችትን አንድ ዓይነት ነገር አድርገው ሲያዩት ነው። በማሽኖች መካከል የሚቆለለው በሥራ ላይ ያለ ዕቃና ከባሕር ማዶ የሚመጣው ወሳኝ መለዋወጫ በአንድ ሕግ አይመሩም።

በማሽኖች መካከል ያለውን እንውሰድ። አንድ የስፌት መስመር በሰዓት 100 ልብስ ያወጣል እንበል፤ በማሽኖቹ መካከል ደግሞ 600 ልብስ ተቆልሏል። ዛሬ ጠዋት የገባው ቁርጥ ጫፍ የሚደርሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። የመጀመሪያዋ ማሽን ላይ የተፈጠረ ጉድለት ተቆጣጣሪዋ ዘንድ ሲደርስ ተመሳሳይ ጉድለት ያለባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ልብሶች ከኋላው ተሰልፈዋል። ክምሩ ወደ 100 ቢወርድ ግን ጉድለቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል። በዚያው ልክ የአንዷ ማሽን መበላሸት ቀጣይዋን ወዲያው ያስቆማል፤ ጥገናውን ለነገ ማለት አይቻልም። ክምሩ ሲበዛ ሁሉም ሥራ ላይ ያለ ይመስላል፤ ችግሩ ግን ከሥሩ ተኝቷል። እንግዲህ እዚህ ላይ መቀነስ ጥራትንም ጥገናንም በአንድ ጊዜ ያጋልጣል፣ ያስተካክላልም።

ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ጉዳይ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የቶዮታ አቅራቢ በቅርብ ርቀት ተቀምጦ በቀን ብዙ ጊዜ ዕቃ ያደርሳል። ሲኤምሲ ዙሪያ ያለ አምራች ግን ባንክ ውስጥ የክፍያ መተማመኛ ሰነድ (ኤልሲ) እስኪከፈት፣ ዕቃው ተመርቶ እስኪጫን፣ ጅቡቲ ደርሶ እስኪራገፍ፣ ጉምሩክ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ከርዝመቱ ይልቅ የሚጎዳው አለመታወቁ ነው፤ አንዴ በሦስት ወር የመጣ ሌላ ጊዜ በዘጠኝ ወር ይመጣል። የክምችት ስሌት ደግሞ መጠባበቂያው የሚወሰነው በመዘግየቱ ርዝመትና በመዋዠቁ ነው ይላል። ስለዚህ ጃፓንን በቃል ሸምድዶ መለዋወጫ አለመያዝ ጃፓኖቹ ራሳቸው እዚህ ቢሆኑ የማያደርጉት ነገር ነው።

ሁሉንም ክፍል መያዝ ግን አይቻልም። መምረጥ ያስፈልጋል፤ መምረጫው ደግሞ ዋጋ መሆን የለበትም፤ ሲጠፋ የሚያስከትለው ጉዳት ነው። ትንሽ የጎማ ማኅተም፣ አንድ ሴንሰር ወይም አንድ ቀበቶ ሙሉ መስመር ሊያቆም ይችላል። ውድ የሆነ ሞተር ግን አገር ውስጥ ሊጠቀለል ወይም በሌላ ሊተካ ይችል ይሆናል። ይህን መለየት የሚችለው የጥገና ባለሙያው ነው፤ መግዛት የሚችለው ደግሞ ግዢ ክፍሉ ነው፤ የሚያስቀምጠው መጋዘኑ ነው። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ የሚገዛው የሚያስፈልገው ሳይሆን በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከማለቁ በፊት በቶሎ ሊገዛ የሚችለው ይሆናል። በመንግሥት ድርጅቶች ከሚወገዱት ዕቃዎች መካከል ማሽኑ ከተወገደ ዓመታት ያለፈው፣ አቧራ የጠጣ አዲስ መለዋወጫ የሚገኘው ከዚህ የተነሳ ነው።

የመዝገብ አያያዙም ይህንኑ ያሳያል። ሞዴል 19 የተባለው ቅጽ የገባውን፣ ሞዴል 22 የተባለው የወጣውን ዕቃ በፊርማ ያረጋግጣሉ። ዕቃ እንዳይሰረቅ ለመጠበቅ ጥሩ አገልግለዋል፤ ኦዲተርም በእነሱ ይረካል። ማን ወሰደ ለሚለው መልስ አላቸው፤ መቼ ያልቃል፣ ለየትኛው ማሽን ዋለ፣ ስንት ሰዓት ሠራ ለሚሉት ግን መልስ የላቸውም። አንድ የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ (ቢን ካርድ) ላይ «ከዚህ ቁጥር በታች ሲወርድ እዘዝ» የሚል አንድ መስመር መጨመር ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቁጥሩን የሚያወጣ ሰው ነው።

> በማሽኖች መካከል ያለው ክምር ሲቀንስ ጉድለት ይጋለጣል፤ ወሳኙ መለዋወጫ ሲቀንስ ግን ፋብሪካው ራሱ ይጋለጣል።

በክረምት የሚፈታው ፋብሪካ

የታቀደ ጥገና ከባህላችን ውጭ ነው የሚሉ አሉ። ብልሽት ሲደርስ መሯሯጥ እንጂ ቀድሞ መዘጋጀት አልለመደብንም ይላሉ። የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ታሪክ ግን ይህን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ1954 በሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የመጀመሪያው ማሽን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል። ይህን ያህል የቆየው በየዓመቱ ክረምት ሲገባ የአገዳ መፍጨቱ ሥራ ቆሞ ፋብሪካው ስለሚፈታ ነው። ወፍጮዎቹ ይከፈታሉ፣ ቦይለሩ ይጸዳል፣ ያለቀው ይለወጣል፣ የተፈታው ተመልሶ ይገጠማል። ዝናብ አገዳውን ከማሳ ማውጣት ስለሚያስቸግር ተፈጥሮ ራሷ የጥገና ወቅት ሰጥታዋለች። በዚያ ሙያ ያደጉ መካኒኮች ትውልድ በትውልድ ተተካክተዋል። እንግዲህ ባህሉ አለ፤ የጠፋው የማቆሚያ ቀን ቀድሞ በተወሰነበት ሥራ ላይ ሳይሆን የማቆሚያው ቀን ለሥራ አስኪያጁ ፈቃድ በተተወበት ሥራ ላይ ነው። ትእዛዝ ሲበዛ «ይህችን ወር እንለፍ» እየተባለ የሚተላለፍ ጥገና በመጨረሻ ማሽኑ በመረጠው ቀን ይደረጋል፤ ማሽን ደግሞ የሚመርጠው ትእዛዝ የበዛበትን ቀን ነው፤ በጣም የሚሠራው ያን ጊዜ ነውና።

ከሲኤምሲ ብዙም የማይርቁት የቦሌ ሃንጋሮች ሁለተኛው ማስረጃ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲጀምር የነበሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ናቸው። ዛሬ የራሱን አልፎ የሌሎች አገሮችን አውሮፕላኖች ይጠግናል። እያንዳንዱ ክፍል የበረራ ሰዓቱና የመነሳት–ማረፍ ቁጥሩ ይመዘገብለታል፤ ልኩ ሲደርስ ባይበላሽም ይወርዳል። የጥገናው ሰው የሠራውን ይፈርማል፤ ሌላ ሰው ያረጋግጣል። ታሪኩ ያልታወቀ መለዋወጫ አይገጠምም። እዚህ ቤት ጥራት፣ ክምችትና ጥገና የሚለያዩበት ወሰን የለም፤ አንዲት ወረቀት ሦስቱንም ትይዛለች።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። አየር መንገድ ዶላር የሚያገኝ ድርጅት ነው፤ በሕግም ይገደዳል፤ ከልብስ ወይም ከብስኩት ፋብሪካ ጋር አይወዳደርም ይባላል። ዶላር ማግኘቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዶላሩ የመጣው ከሥርዓቱ በኋላ ነው፤ የማይታመን አውሮፕላን ላይ ማንም አይሳፈርም። ሕጉንም በተመለከተ ክርክሩ የሚያረጋግጠው የእኛን ሐሳብ ነው። ጥገናው የሚደረገው ሰዎቹ ከሌላው ኢትዮጵያዊ ስለሚሻሉ አይደለም፤ ማስተላለፍ የማይቻልበት አሠራር ስለተዘረጋ ነው። አንድ ነገር ደግሞ መጨመር አለበት። አየር መንገዱ በአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብልዩኤ እየተረዳ ሩብ ምዕተ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔን የሾመው፤ በእነዚያ ዓመታት መካኒኮችና ቴክኒሺያኖች በትምህርት ቤትም በሥራ ላይም ሠለጠኑ። የቀላል ባቡሩ ከውጭ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያውያን ሽግግር ግን በጥቂት ዓመታት ነው የታለፈው። የጥገና ዕውቀት ከማሽኑ ጋር በመርከብ ተጭኖ አይመጣም።

ሦስቱ ሲባዙ

ሦስቱ ሥራዎች አንድ መሆናቸውን በቁጥር ማየትም ይቻላል። በዓለም ዙሪያ ፋብሪካዎች የአንድን ማሽን ውጤታማነት የሚለኩት ሦስት ነገሮችን በማባዛት ነው፦ መሥራት ከነበረበት ሰዓት ስንቱን ሠራ፣ ሲሠራ በምን ያህል ፍጥነቱ ሠራ፣ ካወጣው ስንቱ ደኅና ነው። አንድ ማሽን ሰዓቱን 80 በመቶ፣ ፍጥነቱን 80 በመቶ፣ ጥራቱን 90 በመቶ አሟላ እንበል። የጥገና ኃላፊው 80 በመቶ ብሎ ሪፖርት ያቀርባል፣ የምርት ኃላፊውም እንዲሁ፤ የጥራት ኃላፊዋ 90 ትላለች። ስብሰባው ላይ ሁሉም ደኅና ናቸው። ሲባዙ ግን ውጤቱ ከ58 በመቶ በታች ነው። ከግማሽ እምብዛም ያልራቀ አቅም ይዞ የሚሠራ ፋብሪካ ሦስት ጥሩ ሪፖርቶች ሊኖሩት ይችላል። ለዚህ ነው ተጨማሪ ማሽን ለመግዛት ዶላር ከመጠየቅ በፊት ያለው ማሽን ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ መጠየቅ የሚገባው። የባከነው 42 በመቶ በዶላር የተገዛ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች በአገራችን ቀድመው ሞክረዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓንን ድጋፍ ጠየቁ፤ በጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ እርዳታ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ ፋብሪካዎች ወለላቸው ጸዳ፣ መሣሪያቸው ቦታ ያዘ፣ መፈለጊያ ጊዜ ቀነሰ። አሠልጣኞቹ ራሳቸው የሚያነሱት ችግር ግን አምስተኛው «ማ» ላይ ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ፣ ያነሳሳው ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር፣ ሥራው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ምክንያቱም በብዙ ቦታ ካይዘን የጽዳት ዘመቻ ሆኖ ቀርቷል። ማሽን መጥረግ ግን ከጽዳት ያለፈ ጥቅም አለው፤ የሚጠርግ እጅ የላላ ብሎን፣ የሚፈስ ዘይት፣ የሚግል ተሸካሚ (ኩሽኔታ) ያገኛል። ያገኘውን የሚነግረው ሰው፣ የተነገረውም የሚጽፍበት ወረቀት፣ ወረቀቱን ተከትሎ የሚወጣ መለዋወጫ ከሌለ ግን ጠራጊው በሦስተኛው ሳምንት መመልከቱን ይተዋል። ማዝለቅ የሚቻለው ጽዳቱ ከጥገናው፣ ጥገናው ከመጋዘኑ ሲያያዝ ብቻ ነው።

«ዶላር የለም» ለሚለው

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ እንመለስ። ባለሀብቶች የሚሉት ይህ ነው፦ የምታወሩት ሁሉ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ያለቀውን ክፍል የምገዛበት ምንዛሪ ባላገኘሁ ጊዜ እቅድ ምን ይሠራልኛል? ቅሬታው ከባዶ አልተነሳም፤ ለምንዛሪ ወራት ተሰልፈው የጠበቁ አምራቾች ጥቂት አልነበሩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ደግሞ ችግሩ መልኩን ቀየረ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ወረፋው ቢቀልም ዋጋው ከበደ።

ለዚህ ተቃውሞ መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ እቅድ ምንዛሪ ባይፈጥርም የተገኘችውን ጥቂት ምንዛሪ የት ማዋል እንደሚገባ ይናገራል። የሚያስቆሙትን 20 ክፍሎች ለይቶ ያወቀ ፋብሪካ ባንክ የፈቀደለትን በእነሱ ላይ ያውላል፤ ያላወቀው ግን ትናንት በተበላሸው ላይ ያውልና ነገ ለሚበላሸው እጁ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ በብር በእጥፍ ሲወደድ የእያንዳንዱ ብክነት ዋጋም በእጥፍ ይወደዳል። ተበላሽቶ የተጣለ ጨርቅ፣ በዘይት እጦት የተበላ ተሸካሚ፣ ከመጠን በላይ የተቆረጠ ፕላስቲክ ሁሉ ዶላር ናቸው። ሌላ አገር ውስጥ በጊዜ ያልተቀባ ግሪስ የሚያስከትለው ወጪ በቅርብ ሱቅ ይካካሳል፤ እዚህ ግን የወራት መቆም ያስከትላል። ችግረኛ ከሀብታም ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ለዚህ ነው። የቶዮታም አሠራር የተቀረጸው ከጦርነቱ ማግስት ካፒታልና መጋዘን ባጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ለመክሰር በተቃረበ ድርጅት ውስጥ ነው። የሀብታም ቤት ልማድ አልነበረም።

አገር ውስጥ የሚሠራ መለዋወጫስ? ደርግ በነበረበት ዘመን የተመሠረተው የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ ለዚሁ ዓላማ የተቋቋመ ነው፤ በየወርክሾፑም የተሰጣቸውን አስመስለው የሚያወጡ የቶርኖ ባለሙያዎች አሉ። የፋብሪካ መካኒኮች «አገር ውስጥ የተሠራው ቶሎ ይበላል» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው፤ ነገር ግን የሚበላው ኢትዮጵያ ውስጥ ስለተሠራ አይደለም። መጠኑ ተመስሎ የብረቱ ዓይነትና ጥንካሬው ስላልተመሰለ ነው። ሥዕሉ፣ የሚፈቀደው የልክ ልዩነትና የብረቱ ጥንካሬ ተጽፎ ካልተሰጠው የቶርኖ ባለሙያው የሚያየውን ብቻ ይቀዳል። ስለዚህ ምንዛሪ የሚያድነው ይህ መንገድ የሚከፈተው ጥራትን ለመለካት በተዘጋጀ ጥገና ነው።

የሠራተኛ መፈራረቅና የመብራት መቆራረጥም ይጠቀሳሉ። ሁለቱም አሉ። ይሁን እንጂ ሠራተኛ በሚፈራረቅበት ቤት ዕውቀትን በአንድ ጎበዝ መካኒክ ጭንቅላት ላይ ማኖር ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። የግፊት መለኪያው ላይ አረንጓዴና ቀይ መስመር ቢሰመር፣ ዘይት የሚጨመርበት ቦታ በቀለም ቢለይ፣ የጠዋቱ አምስት ደቂቃ ፍተሻ በአማርኛ በአንድ ገጽ ቢለጠፍ፣ ትናንት የገባችው ልጅ ዛሬ ማየት ትችላለች። መብራት ሲመለስም የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ለብቻ ተለይተው ቢፈተሹ፣ ለማሽኑም መከላከያ ቢገጠም፣ መቆራረጡ ባይቀርም ጉዳቱ ይወሰናል።

ይህ ሁሉ ለትልልቆቹ ነው የሚሉትን ደግሞ እዚያው ሲኤምሲ መንገድ ዳር ያለው የአሉሚኒየም ወርክሾፕ ይመልስላቸዋል። ፕሮፋይሉ በ6 ሜትር ዘንግ ይመጣል። ከመቁረጡ በፊት የሁሉንም መስኮቶች ልክ ጽፎ የትኛው ከየትኛው ዘንግ እንደሚወጣ ያላሰበ ባለሙያ ከየዘንጉ ጥግ የማይረባ ቁራጭ ያስቀራል። የመቁረጫው ዲስክ ሲደንዝ ማዕዘኑ ይከፈታል፤ ክፍተቱ በሲሊኮን ይሸፈናል፤ ክረምት ሲመጣ ውኃ ይገባል፤ ደንበኛውም ይደውላል። በዚህች ሦስት ሰው ባላት ቤት ውስጥ ክምችት፣ ጥገናና ጥራት በአንድ መስኮት ላይ ይገናኛሉ፤ ማስተካከያውም አንድ እርሳስ፣ አንድ ደብተርና በጊዜው የተለወጠ ዲስክ ነው።

> የባከነ ጨርቅ፣ የደረቀ ተሸካሚ፣ ታስቦ ያልተቆረጠ ዘንግ፦ ሁሉም ዶላር ናቸው።

ከየት ይጀመር?

አሠራሩን ለመቀየር መነሻው ሦስቱን ኃላፊዎች በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ላይ ማስቀመጥ ነው፦ ባለፈው ሳምንት ምን አቆመን፣ ምን አስመለሰብን፣ ምን አጣን? መልሱ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ ከሁለት ወር በኋላ ከችግሮቹ አብዛኞቹ በጥቂት ማሽኖችና በጥቂት ዕቃዎች ላይ መከማቸታቸው ይታያል። የታቀደ ጥገና የሚደረግበት ቀን ከሽያጭ ትእዛዝ እኩል የማይነካ ይሁን። ትልቅ ግዢ ሲፈጸም ደግሞ፣ በተለይ በሕዝብ ብድር ሲሆን፣ የመለዋወጫው፣ የሥዕሉና የሥልጠናው ውል ከማሽኑ ውል ተነጥሎ ለኋላ መተው የለበትም፤ ገዢ የመደራደር ጉልበት የሚኖረው ከመክፈሉ በፊት ነው።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ የምስጋና አሰጣጣችንን መቀየር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ የቆመውን ማሽን ያስነሳ መካኒክ ይጨበጨብለታል፤ ይገባዋልም። ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ እንዳይቆም ያደረገው ግን ስሙ አይነሳም፤ የሠራው ሥራ ያልተከሰተ ነገር ነውና። የደመወዝ ጭማሪና ሹመት ለመጀመሪያው ብቻ እየተሰጠ ለሁለተኛው መከልከል ብልሽትን መሸለም ነው። ምንዛሪ ነገ በቀላሉ ቢገኝ እንኳ ይህ ካልተለወጠ አዲሶቹ ማሽኖች የአሮጌዎቹን ዕጣ ይከተላሉ። ዶላሩን ማምጣት በእያንዳንዱ ፋብሪካ እጅ ላይሆን ይችላል፤ የመጣውን ዶላር ከመባከን ማዳን ግን በእጁ ነው፤ ለዚህም ማንንም መጠበቅ የለበትም።